በግንበኛው ግቢ የጀመርነው ጉባኤ

ሴሚናሪ የገባን ቀን ዕቃችን በአንድ ባጃጅ ተጭኖ አለቀ። ባለቤቴ ምትኩ ከሾፌሩ ጎን ተጣብቆ ተቀመጠ። እኔና ልጃችን ሊድያ ከኋላ ከፍራሹ፣ ከድስቶቹና ከመጻሕፍቱ ካርቶን ጋር ተጠጋግተን መጣን። የበሩ ጥበቃ ካርቶኑን በእጁ መታ መታ አድርጎ፣ «ተማሪው ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለው ምትኩ።

«እነዚህስ?»

«እነሱም።»

ጥበቃው ስቆ በሩን ከፈተልን። ምትኩ ግን መቀለዱ አልነበረም።

ከዚያ በፊት ምትኩ በሶዶ አካባቢ በአንዲት የገጠር አጥቢያ ወንጌላዊ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል። ሀዋሳ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ለትምህርት የላከችው በአንድ ስምምነት ነው፤ ሲመረቅ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ባሻገር ባለው አዲስ ሰፈር ጉባኤ ይጀምራል። በእኛ ሥራ ደረጃው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የጸሎት ቡድን ይሰበሰባል። ቡድኑ ሲበዛ የስብከት ጣቢያ ይባላል። ጣቢያው የራሱን ሽማግሌዎች መርጦ ራሱን ሲችል አጥቢያ ይሆናል። አገልጋዩን የላከችው ቤተ ክርስቲያን እናት ትባላለች፤ ጣቢያ እስከሆነ ድረስ እናቲቱ ልትዘጋው ትችላለች። ይህን ከመጀመሪያው እናውቅ ነበር።

በሴሚናሪው የሚስቶች ክፍል የሚባል ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እንሰበሰባለን። የሚያስተምሩን እትዬ ሣራ የአንድ መምህር ባለቤት ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ሁላችንንም ሥራችን ምን እንደሆነ ጠየቁን። አንዷ ነርስ ነኝ አለች፤ ሌላዋ የቤት እመቤት። እኔ ሶዶ ሳለሁ የአንደኛ ደረጃ መምህርት እንደ ነበርኩና ሥራዬን ለቅቄ እንደመጣሁ ተናገርኩ።

«አልለቀቅሽም፤ ተዛወርሽ» አሉኝ። «ማዕረግ የለውም እንጂ ሥራውስ አለ። ባሎቻችሁ ግሪክኛ ይማራሉ፤ እናንተ ደግሞ ሰው ቤት ገብቶ መቀመጥ ትማራላችሁ። የትኛው እንደሚከብድ በኋላ ትነግሩኛላችሁ።»

ያስተማሩን ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሰው ስትጠይቂ ከባለቤቱ ቀድመሽ አትጸልዪ። ለቅሶ ቤት ስትገቢ የምትሠሪውን ፈልጊ እንጂ የምትናገሪውን አትፈልጊ። የሰማሽውን ምሥጢር ለባልሽም ቢሆን ሳታስፈቅጂ አትንገሪ። እትዬ ሣራ ካረፉ ወዲህ ክፍሉን የማስተምረው እኔ ነኝ። ይህንንም የምጽፈው ለማክሰኞ ተማሪዎቼና ለባሎቻቸው ነው። ቶሎ አልጽፍም፤ አንዳንድ ቀን አንድ አንቀጽ ብቻ ይወጣኛል።

ምትኩን የፈተነው ግሪክኛ ሳይሆን የስብከት ክፍል ነው። ገጠር እያለ ሁለት ሰዓት ቢሰብክ የሚነሣ ሰው አልነበረም። እዚህ ግን ሰዓት ተይዞለት ተማሪዎቹ ፊት ይሰብካል፤ ከዚያ ይተቹታል። አንድ ቀን መምህሩ፣ «ወንድም ምትኩ፣ ስብከትህ ሦስት መግቢያ በር አለው፤ መውጫ ግን የለውም» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ምትኩ ቤት መጥቶ ሲነግረኝ እሱም ይስቃል፤ ምሳውን ግን አልጨረሰም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ሐይቅ ዳር እየሄድን ይለማመድ ጀመር። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አዳምጣለሁ፤ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ክንፋቸውን አጥፈው ቆመው ያያሉ። «እነዚህ ሽማግሌዎች ፊታቸው አይፈታም» ይላል። ሊድያ፣ «አባዬ፣ አሁን ጨርስ፤ እነሱም ርቧቸዋል» ትለዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ማሳጠርን ተማረ። እኔም በሁለተኛው ዓመት የማታውን የሰርተፍኬት ትምህርት ጀመርኩ።

በመጨረሻው ዓመት የተግባር ሥራ ተመደብን። የመጀመሪያው ሥራ ቅኝት ይባላል። ሳትሰብክ፣ ሳትዘምር፣ መጽሐፍ ቅዱስህን ከቦርሳህ ሳታወጣ ሰፈሩን ታያለህ። ማን ከየት መጣ? ውሃ የሚቀዳው የት ነው? ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያመጣው ማን ነው? ሰፈሩ ሁለት ዓይነት ሰው ነበረበት። አንደኛው ከድሮ ጀምሮ የኖረው የሲዳማ ቤተሰብ ነው። ሌላው ከየአገሩ መጥተው ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩት ልጃገረዶች ናቸው፤ ከእነዚያ ቤተሰቦች ተከራይተው በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው ይኖራሉ።

ቀጥሎ የሰላም ሰው ይፈለጋል። ይህ ከወንጌል የተወሰደ አነጋገር ነው፤ ቤቱን የሚከፍትልህና ሰፈሩ የሚሰማው ሰው ማለት ነው። እኛ ያገኘነው አቶ ዳንጊሶን ነው። ግንበኛ ነው። በግቢው ውስጥ ለማከራየት ብሎ የጀመረውን አዳራሽ ብሎኬት እየደረደረ ሳለ ደርሰን ሰላም አልነው።

«ምንድን ነው የምትሸጡት?» አለን ከመሰላሉ ላይ ሳይወርድ።

«ምንም» አለው ምትኩ።

«ደላላ ናችሁ?»

«አይደለንም።»

«እንግዲያው ጠፍታችኋል። እዚህ ሰፈር የሚዞረው ወይ ሻጭ ነው ወይ ደላላ።» ወርዶ እጁን ታጠበና ሚስቱን ወርቅነሽን ጠርቶ፣ «የጠፉ ሰዎች መጥተዋል፤ የሚቀመጡበት አምጪ» አላት።

ከጥቂት ወራት በኋላ የጸሎት ቡድናችን በዚያው ባላለቀ አዳራሽ ይሰበሰብ ነበር። የዳንጊሶ ቤተሰብ፣ ጎረቤቶቻቸው፣ በፓርኩ ልብስ ስፌት ላይ የምትሠራው ምሕረትና ጓደኞቿ፣ እንዲሁም አማኑኤል የሚባል ባጃጅ ነጂ ነበሩ። የዳንጊሶ አባት፣ አባባ ቡርቃ፣ አማርኛ ብዙም አይሰሙም፤ ወርቅነሽ በሲዳምኛ ትተረጉምላቸዋለች። ምትኩ በተመረቀ በወሩ እናት ቤተ ክርስቲያን ቡድኑን ወደ ስብከት ጣቢያነት አሳደገችው፤ የመክፈቻ እሁድም ተቆረጠ።

ትልቁ ስሕተት የተሠራው በዚያ እሁድ ነው። የእናት ቤተ ክርስቲያን የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ጋሼ ጴጥሮስ በመልካም ልብ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዘው መጡ። ዩኒፎርም የለበሱ መዘምራን፣ ኪቦርድ፣ ሞንታርቦ፣ የሴቶች ኅብረት፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ሁሉ ነበረበት። አዳራሹ ሞልቶ ፈሰሰ። ምትኩ ሰብኮ ሲጨርስ ፊቱ ያበራ ነበር። ጋሼ ጴጥሮስ ትከሻውን ይዘው፣ «ልጄ፣ ጉባኤ ተከልክ እኮ» አሉት።

በሚቀጥለው እሁድ የእኛ ቤተሰብና የዳንጊሶ ቤተሰብ ብቻ ተቀመጥን። ምሕረት እንኳ አልመጣችም። ምትኩ በሩን እያየ ሰበከ።

ሰኞ ወርቅነሽ ጋ ሄጄ ጎረቤቶቹ ለምን እንደ ቀሩ ጠየቅኋት። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር።

«ምን ይምጡ? እንግዳ ነበረብን እኮ» አለችኝ። «የባህል አዳራሽ ሰው ሲመጣ ተነሥተን አስቀመጥን። ሰው ቤቱ እንግዳ ሲመጣ ይነሣል አይደል? ውጭ ቆመን ሰማን። እነሱ ዘመሩ፣ እነሱ ጸለዩ፣ እነሱ በሉ። ከዚያ በአውቶቡሳቸው ሄዱ። ሰፈርተኛው፣ ‹ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ› አለ።»

«ምሕረትስ?»

«ምሕረት የዚያችን ሶሎ የምትዘምረውን ልጅ ድምፅ ሰማች። ‹ከእንግዲህ እኔ አፌን አልከፍትም› ብላለች።»

ለምትኩ ነገርኩት። ሴሚናሪ ያስተማሩን ቅኝቱን፣ ስብከቱን፣ አስተዳደሩን ነው፤ እንግዳ ሲበዛ የቤቱ ሰው ተነሥቶ እንደሚወጣ የነገረን አልነበረም። እኛም የሰው ቤት ልጆች ነን፤ ልናውቅ ይገባን ነበር። ያን ሳምንት እየተመካከርን ቆይተን ሁለት ነገር ቆረጥን። አንደኛ፣ ጣቢያው ራሱን እስኪችል ድረስ እንግዳ መዘምራንና እንግዳ ሰባኪ አንጠራም። ሁለተኛ፣ በጉባኤው ውስጥ የሰፈሩ ሰው ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ምትኩ አይሠራም።

ሁለተኛው ለምትኩ ከባድ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ አማኑኤልን ቁጭ አድርጎ ምንባብ ያሠለጥነዋል፤ እሁድ አማኑኤል ያነባል። ዳንጊሶ ይመራል። ወርቅነሽ ትተረጉማለች። ምሕረትን ለማምጣት ብዙ ሳምንት ፈጀብኝ። ስትመጣም ለብቻዋ ሳይሆን ከጓደኞቿ ጋር እንድትዘምር አደረግን፤ መሣሪያ አልነበረም፤ በጭብጨባ ነው። በመጨረሻ ስብከቱንም በወር አንድ እሁድ ለአማኑኤል ለቀቀለት። ያን ቀን ምትኩ ከኋላ ይቀመጥና ጣቶቹን ያፍተለትላል። አማኑኤል ሲሳሳት ሊነሣ ሲል ሸሚዙን ይዤ አስቀምጠዋለሁ።

ጋሼ ጴጥሮስ አልወደዱትም። «መዘምራኑ ለመምጣት ይጠይቃሉ፤ አንተ ትከለክላለህ። እናትህን አትገፋ» አሉት አንድ ቀን።

«አልገፋሁም፣ ጋሼ። ልጁ መራመድ እንዲለምድ ነው» አላቸው። ቅር እንዳላቸው ተለያዩ።

ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ምትኩ መታመም የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ጉበቱን ነበር። ቀስ እያለ እንደሚቆም መንኮራኩር፣ በመጀመሪያ ሐሙሱን ተወ፣ ቀጥሎ የቤት ለቤት ጉብኝቱን፣ ከዚያ ስብከቱን። ክረምቱ ሳይወጣ አረፈ። ስለዚያ ሳምንት ከዚህ በላይ አልጽፍም። ሬሳው ከእናት ቤተ ክርስቲያን ወጣ፤ ጋሼ ጴጥሮስ እንደ አባት ቆመው ቀበሩት።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። ጋሼ ጴጥሮስ በትሕትና ነው የተናገሩኝ።

«ልጄ፣ እረኛ የሌለው መንጋ ይበተናል። ከመበተኑ በፊት ምዕመኑን ወደ እናቱ ብንመልሰው ይሻላል። አንቺም እዚሁ እኛ ጋ ታርፊያለሽ።»

«ጋሼ፣ ከፓርኩ ማዶ ተነሥቶ እሁድ እሁድ ባህል አዳራሽ የሚመጣ ሰው የለም። እዚህ አይደርስም፤ መንገድ ላይ ይቀራል።»

«ማን ይሰብካል ታዲያ?»

«በየተራ ይሰብካሉ።»

«ማን? ባጃጅ ነጂው?»

«አንዱ እሱ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀ። ጋሼ ጴጥሮስ አልሳቁም። «አንቺስ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ትምህርቴን እጨርሳለሁ። ሰፈሩንም አልለቅም።»

እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ውጭ ጠበቅኋቸው። እስከ ፋሲካ ድረስ እንዲታገሡ ወሰኑ። እስከዚያ ጉባኤው በራሱ እግር መቆሙን ካላዩ ጣቢያው ይዘጋል። የለቅሶ ነጠላዬን እንደለበስኩ በቀጥታ ወደ ሰፈሩ ሄድኩና ለዳንጊሶ ነገርኩት። «ፋሲካ ሩቅ አይደለም» አለ። «ግን ብሎኬት እንኳ ውሃ እየጠጣ ነው የሚጠነክረው። እንይ።»

ወራቱ አለፉ። አንዳንዱ እሁድ ያምራል፣ አንዳንዱ አያምርም። የፓርኩ ሥራ ሲበዛ ልጃገረዶቹ ይቀራሉ። አማኑኤል ባጃጁ ተበላሽቶበት ሳይዘጋጅ የመጣበት ጊዜ ነበር፤ ምንባቡን ሁለቴ አንብቦ ተቀመጠ። እኔ መርሐ ግብር አስተባብራለሁ፤ ሴቶቹን አስተምራለሁ፤ የታመመ እጠይቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ምትኩን እጣራለሁ። ሥራው ግን አልቆመም።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል አባባ ቡርቃ ሞቱ። ዳንጊሶ ልጅ ነው፤ ሐዘንተኛ ስለሆነ ሊመራ አይችልም። ወርቅነሽም ምራት ናት። ጣቢያው በአንድ ቀን ሁለት ዋና ሰዎቹን አጣ።

በእኛ አሠራር በጣቢያ ሰው ሲሞት እናት ቤተ ክርስቲያን መዘምራንና ሰባኪ ትልካለች፤ ለቅሶውንም ትመራለች። ጋሼ ጴጥሮስ በማግስቱ ጠዋት ደወሉልኝ። «አይዞሽ፣ ሁሉን አዘጋጅተናል። መዘምራኑ ይመጣሉ፤ ሰባኪም መድበናል።»

መቀበሉ ይቀላል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ያልሆነውም ጭምር፣ በዚያ ድንኳን ይሰበሰባል። የእኛ ሰዎች ቢወድቁ በአደባባይ ነው የሚወድቁት፤ ከፋሲካ በኋላም የሚወሰነው ያኔ ተወሰነ ማለት ነው። ግን እንግዶቹ መጥተው ቢመሩት ያው ነው፤ ሰፈሩ እንደገና ተነሥቶ ይወጣል።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ኑልን። ግን ለቅሶ ደራሽ ሆናችሁ ኑ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«መዘምራኑም ሰባኪውም ይምጡ፤ እንደ ሰው ይቀመጡ። ለቅሶውን የእኛ ሰዎች ይመሩታል።»

«እልኸኛ ነሽ። ምትኩም እንዲሁ ነበረ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ከምትኩ ለቅሶ ወዲህ ድንኳን ገብቼ አላውቅም ነበር። በሩ ላይ ደርሼ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ከዚያ እትዬ ሣራ ያስተማሩን ትዝ አለኝና ሥራ ፈለግኩ። ከጓሮ ሴቶቹ ንፍሮ እየቀቀሉ ነበር። እንጨት ገፋሁ፤ ብርጭቆ አጠብኩ። ሲበቃኝ ገብቼ ከአባባ ቡርቃ ሚስት አጠገብ ተቀመጥኩ። እሳቸው አማርኛ አይችሉም፤ የእኔም ሲዳምኛ ሰላምታ አያልፍም። እጄን ይዘው ቀለበቴን በጣታቸው ነኩ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞላ። ጋሼ ጴጥሮስ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥተው በወንዶቹ መካከል አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ምሕረትና ጓደኞቿ ከፈረቃ ወጥተው በሥራ ልብሳቸው እንደ ነበሩ ቆሙና ዘመሩ። ድምፃቸው ደክሟል። አማኑኤል ተነሥቶ አነበበ፤ ከዚያ መናገር ጀመረ። ስለ አባባ ቡርቃ ሲያወራ ደህና ሄደ። ወደ ስብከቱ ሲገባ ግን ቃሉ ጠፋበት። ቆመ። መጽሐፉን ገለበጠ፤ ደግሞ ገለበጠ። ጋሼ ጴጥሮስ ወደ ፊት አዘነበሉ። የመጡት ሰባኪ ኮታቸውን አስተካከሉ። እኔም ተነሥቼ ላግዘው አሰብኩ፤ ግን ነጠላዬን አጥብቄ ይዤ ባለሁበት ቀረሁ።

ከሴቶቹ ወገን አንዲት ጎረቤት በሲዳምኛ መዝሙር አነሣች። አባባ ቡርቃ የሚወዱት ነበር። ሌሎቹ ተቀበሏት። ወንዶቹም ተቀበሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያልረገጡ ሽማግሌዎች ሁሉ አብረው አሉት። መዝሙሩ ሲያልቅ አማኑኤል ፊቱን በክንዱ ጠረገና፣ «እኔ ልናገር የነበረው ይህንኑ ነው» አለ። አንዳንዱ በእንባው መካከል ሳቀ። ቀጥሎ የተናገረው አጭርና የተስተካከለ ነበር።

ሲጨርስ ወደ ወንዶቹ ሄዶ ዝቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የመዝጊያውን ጸሎት እርስዎ ይጸልዩልን» አላቸው። ጋሼ ጴጥሮስ ተነሥተው ጸለዩ፤ አላስረዘሙም።

መውጫ ላይ አገኙኝ። «ያንን ልጅ እኔን አስጸልይ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ማነው ታዲያ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። ራሱ ይሆናል።»

ድንኳኑን መለስ ብለው አዩ። ምሕረት ውሃ እያዞረች ነው፤ ጎረቤቶቹ ለማያውቋቸው የባህል አዳራሽ እንግዶች ንፍሮ እየዘገኑላቸው ነው። «ምትኩ ይህን ሳያይ ሄደ» አሉ።

«እያየ ነው የሄደው» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ ጣቶቹን ሲያፍተለትል ያየው ይህንኑ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ጣቢያው አልተዘጋም። ጉባኤው ዳንጊሶን፣ አማኑኤልንና ሁለት ሌሎች ሰዎችን ሽማግሌ አድርጎ መረጠ፤ ጋሼ ጴጥሮስ ራሳቸው እጃቸውን ጭነው ሾሟቸው። አሁን አጥቢያ ነን። ከሴሚናሪው የተመረቀ ወጣት ወንጌላዊ ከነባለቤቱ ተመድቦልናል። ጎበዝ ነው፤ እሁድ ሁሉን ራሱ መሥራት ይወዳል። ሽማግሌዎቹ ከኋላ እንዲቀመጥ የወሰኑበት እሁድ አለ፤ ሚስቱ ሸሚዙን መያዝ እየለመደች ነው።

ጉባኤ የሚጀምር ሰው እሱ የማይኖርበትን እሁድ ገና በጤናው ሳለ ማለማመድ አለበት። ለጉባኤ ይህ ይቻላል። ለቤት አይቻልም።